እግሩ እስኪድን

ባለፈው ወር እናቴን ሐኪም ቤት ይዣት ሄጄ ሳለ ነርሷ የቤታዲን ጠርሙስ ከፈተች። ቡናማው መድኃኒት ጥጡ ላይ ሲፈስ ያ ብረት ብረት የሚል ሽታው ክፍሉን ሞላው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አመመሽ እንዴ እማዬ?» አልኳት።

«አይ፤» አለች። «ሶፋው ትዝ አለኝ።»

የትኛው ሶፋ ብዬ አልጠየቅኳትም። እኔም አፍንጫዬ ቀድሞኝ እዚያው ደርሶ ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምንኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ከሚባለው መንገድ ገባ ብሎ ካለ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ምድር ቤት ነበር። ዛሬ ሰፈሩ በእኛ ስም ይጠራል፤ ያን ጊዜ ግን ከጥቂት ምግብ ቤቶችና ከአንዲት ትንሽ ሱቅ በቀር የሀበሻ ነገር ብዙም አልነበረበትም። ጎረቤቶቻችን ያረጁ አይሁዶች ነበሩ፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ የእነሱ ዳቦ ቤት ሽታ እስከ መንገዱ ማዶ ይከተለኛል። አባቴ ታክሲ ይነዳል። እናቴ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ አውቶቡስ ቀይራ ትሄዳለች፣ ቀይራ ትመለሳለች። ማታ ስታቅፈኝ እጇ ክሎሮክስ ክሎሮክስ ይላል፤ የጣቶቿ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ሹራቤን ይይዘዋል። በዚያ ዕድሜዬ እናቴን ቀን ላይ ቁጭ ብላ ያየሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ወይ ቆማ ነው ወይ ተኝታ።

ሳሎናችን ውስጥ አንድ ቡናማ ሶፋ ነበረን። ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ የአጎቴ የዳንኤል ፎቶ ተሰቅሏል። ዳንኤል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፎቶው ላይ የሸሚዙን ኮሌታ በእጁ ይዞ ይስቃል። በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ ሰዎች ከቤት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። አያቴ አዲስ አበባ ሆና እስከዚያን ጊዜ ድረስ ማታ ማታ አልጋውን ታነጥፍለት ነበር። እናቴም ሲጠይቋት «ይመጣል» ነው የምትለው። እኔ ደግሞ የሚመጣው ወደኛ ነው ብዬ ወስኜ፣ ሲመጣ ሶፋው ላይ እንደሚተኛ፣ ትራሱን ከየት እንደምናመጣለት ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር።

የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው በዝናብ ነው። እሑድ እሑድ ከአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን በተዋስነው አዳራሽ ጸሎት ሲያልቅ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ይቆማሉ። እትዬ አስካለ ቫን ናይስ የሚኖሩ፣ ወፍራም፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው አሮጊት ናቸው። የታመመ ካለ፣ የወለደች ካለች፣ ከሱዳን በስደት አዲስ የገባ ካለ መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ከሰሙ በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ ያድላሉ። ሲያዩዋቸው በሌላኛው በር የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። እናቴ ግን ከድካሟ የተነሳ ፈጥና መራመድ አትችልም ነበር።

«ዘነበች ልጄ፣ ያንቺ ቤት ደረጃ የለውም አይደል?» አሏት።

«የለውም እትዬ።»

«አንድ ሰው አለ፣ ተካልኝ የሚባል። ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ስኳሩ እግሩ ላይ ወጥቶበት ጣቶቹን ቆርጠውታል። አሁን ሆስፒታሉ ይውጣ ብሏል፣ የሱ ክፍል ደግሞ ላይ ፎቅ ነው፤ በምን እግሩ ይወጣዋል? የኔን ቤት ታውቂዋለሽ፣ ሰው በሰው ላይ ነው። እስከ ፋሲካ ብቻ።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። በጣም ሲደክማት እንደዚያ ታደርጋለች፤ እኔ የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር።

«ኃይሉን ልጠይቀው፤» አለች።

አባቴ መኪና ውስጥ ሲነገረው መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «እኛ ራሳችን መች ቆመን ሄድን ዘኑ? አንቺ እንዲህ ደክመሽ?»

«ታሞ የሚያስጠጋው ያጣ ሰው ነው።»

«ኦኬ፤» አለ አባቴ። «ኦኬ። ላምጣው።»

በማግሥቱ አመጣቸው። ዝናቡ ከመንገድ እየገረፈ ይገባል። አባቴ ሰውየውን በብብታቸው ደግፎ በሩን በእግሩ ሲያንኳኳ እናቴ ጭልፋ እንደያዘች ከፈተች። ከፈተችና ቀጥ ብላ ቀረች። ሰውየው ረጅም፣ ጉንጫቸው የገባ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ነበሩ። ዝናቡ ዓይናቸው ውስጥ ስለገባ ጭፍን ጭፍን ያደርጋሉ። የአንድ እግራቸው ፋሻ ርሶ ከሥሩ ቀይ ውኃ መግቢያው ምንጣፍ ላይ ይንጠባጠባል።

«ዘኑ፣ ዝናብ ገባ እኮ!» አለ አባቴ።

እናቴ እግራቸውን አየች። ፊታቸውን እንደገና አየች። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ፣ «ይግቡ፤» አለች።

እሳቸው ሶፋው ላይ ሳይቀመጡ በፊት ወንበር ላይ ወጥታ የአጎቴን ፎቶ አወረደችና መኝታ ቤት ወሰደችው። ለምን ብዬ ሳስብ ቆየሁና መልሱን አገኘሁት፦ አጎቴ ዳንኤል ቦታው ለሌላ ሰው መሰጠቱን አይቶ እንዳይከፋው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ቤታዲን መሽተት ጀመረ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ውኃ ታሞቃለች። ሳፋውን የምይዘው፣ ፋሻውን የማቀብለው፣ የቆሸሸውን በላስቲክ ጠቅልዬ ውጭ የምጥለው እኔ ነኝ። እሷ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ታደርጋለች፤ አሮጌውን ፋሻ ውኃ እያንጠባጠበች ቀስ ብላ ታላቅቀዋለች፣ በጥጥ ዙሪያውን ትጠርጋለች። ጣቶቹ የነበሩበት ቦታ መጀመሪያ ላይ ማየት ያስፈራኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። አንድ ቀንም ፊታቸውን ቀና ብላ አታይም። እሳቸው ሁልጊዜ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ እግዜር ልጅሽን ያሳድግልሽ፤» ይሏታል፤ እሷ «አሜን» የምትለው ለእግሩ ነው። መድኃኒቱ ዝም ካልተባለ አይሠራም መሰለኝና እኔም ዝም እል ነበር።

በጾሙ መሐል ለእሳቸው ዶሮ እየቀቀለች ሾርባ ትሠራላቸዋለች። ሽታው ያሰክረኛል። እናቴ ስለማትቀምሰው ጨውን በግምት ነው የምታደርገው፤ አንዳንድ ቀን ባሕር ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ውኃ። ጋሼ ተካልኝ ሁልጊዜ፣ «ልክ ነው፤» ይላሉ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ይጨርሳሉ። እሳቸው ሲጨርሱ እናቴ ወጥ ቤት ቆማ ሽሮዋን ትበላለች። ወንበር እያለ ለምን ቆማ እንደምትበላ አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። «ከተቀመጥኩ አልነሳም፤» አለችኝ።

እኔ ጋሼ ተካልኝን ወደድኳቸው። ይሄን ዛሬም መደበቅ አልችልም። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ለሥራ ይወጣል፣ እናቴ አልደረሰች፣ ቤት ውስጥ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ብርቱካን ቅርፊቱ ሳይበጠስ እንደ ሪባን አድርገው ይልጡና ፍሬውን ለኔ ይሰጡኛል፤ እሳቸው ጣታቸውን ብቻ ያሸታሉ። አብረን ካርቱን እናያለን። እንስሶቹ ሲደባደቡ፣ አንዱ ሌላውን በመዶሻ ሲመታው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። «ጋሼ፣ ሪል አይደለም እኮ፤» እላቸዋለሁ። «አውቃለሁ፤» ይላሉ፤ ግን አይዞሩም።

ሆሳዕና አልፎ በሰሞነ ሕማማት መጀመሪያ ላይ ነው። ጋሼ ተካልኝ ቀና ብለው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። ፎቶው የነበረበት ቦታ ቀለሙ ነጣ ብሎ አራት ማዕዘን ሠርቷል፤ ምስማሩም እንዳለ ነው።

«እዚህ ጋ ምን ነበር የተሰቀለው ኤልሳ?»

«አንክል ዳኒ። የእማዬ ወንድም።»

«እዚህ ነው ያለው?»

«አገር ቤት ነው። ግን ይመጣል። ሲመጣ እዚህ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው፤ ሶ፣ እርስዎ ያኔ ድነው ይሄዳሉ።» እንዳይከፋቸው ብዬ ደግሞ ጨመርኩ፦ «ፎቶውን ላምጣልዎት?»

መልስ አልጠበቅኩም። ሮጬ መኝታ ቤት ገብቼ አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጋሼ ተካልኝ ፎቶውን አዩ። አዩና ጭናቸው ላይ በፊቱ ደፉት። «መልሺው፤» አሉኝ። «ልጄ፣ ቦታው መልሺው።»

ከዚያ በኋላ ምግብ አልነካ አሉ። ሾርባው እንደቀረበ ይበርዳል፣ ላዩ ላይ ስብ ይረጋበታል። እኔ ስኳራቸው የተነሳባቸው ፎቶ በማሳየቴ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ ከሰዓት እናቴ ከሥራ ገብታ ያልተነካውን ሳህን አየች። «ኤልሳ፣ መኝታ ቤት ግቢ፤» አለችኝ። ገባሁ። የዚያ ቤት በር ግን ደህና አይገጥምም ነበር።

«ለምንድን ነው የማይበሉት?»

«ልጅቷን እንዳትቆጪያት። ፎቶውን አየሁ። መቼ ነው ያወቅሽኝ?»

«በሩ ላይ።»

«በሩ ላይ!» አሉ ጋሼ ተካልኝ። «ታዲያ ለምን ይግቡ አልሽኝ?»

«እግርዎ ይደማ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የተባባሉትን እናቴ የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ዳንኤልን ከቤት የወሰዱት እሳቸው ነበሩ፤ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ሆነው፣ ጠመንጃ ይዘው። እናቴ የወንድሟን ጫማ አንጠልጥላ እስከ መንገዱ ተከትላቸዋለች። ባዶ እግሩን ነው፣ ጫማውን ላድርግለት ብላ ለምናቸዋለች።

«ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?» አለቻቸው።

«አያስፈልገውም አልኩሽ።»

«እናቴ ዛሬም አልጋውን ታነጥፍለታለች።»

ይህን ተከትሎ የመጣውን ግን እኔም ሰምቻለሁ፤ ጋሼ ተካልኝ እንደ ማልቀስ ባለ ድምፅ ጮክ ብለው ነው የተናገሩት። «አታንጥፍ በያት! ከዚያች ሌሊት አላለፈም... ከእንግዲህ አታንጥፍ በያት!»

አላለፈም የሚለው ቃል ለኔ ምንም አልነገረኝም፤ የማውቀው የትምህርት ቤት ፈተና ማለፍን ነበር። አልጋው ግን ገባኝ። አያቴ ማንጠፍ የማያስፈልጋት አጎቴ ወደኛ ሊመጣ ስለሆነ ነው። በመኝታ ቤቱ አልጋ ላይ ቆሜ በደስታ ዘለልኩ።

የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁና ወደ መስኮቱ ሄድኩ። አባቴ ለሥራ ሊወጣ ታክሲውን ግቢው ውስጥ አቁሞ ጎረቤት ጋ ገብቶ ነበር። እናቴ ታክሲው ውስጥ ገባች፤ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋች። ከዚያ አፏን በጣም ከፈተች። አንገቷ ላይ ሥሮቿ ይታያሉ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። ድምፅ ግን ወደኔ አይመጣም። መዝሙር የምታጠና መሰለኝ። ደስ ስላላት ነው አልኩ፤ ወንድሟ ሊመጣ ነዋ።

ስትመለስ ዓይኗ አብጧል። ወጥ ቤት ገብታ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ታጠበች። ውኃ አሞቀች።

«ኤልሳ፣ ሳፋውን ያዢልኝ።»

ተንበረከከች። ጋሼ ተካልኝ እግራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። «ተይው እህቴ። ተይው በእናትሽ። ይቅር...»

«አሁን አይጠይቁኝ፤» አለች እናቴ። «ደክሞኛል። እግርዎን ያቅርቡ።»

አቀረቡ። እሷም እንደ ወትሮው ፋሻውን ውኃ እያንጠባጠበች አላቀቀችው። አንድ ጊዜ ብቻ ጥጡን ጠበቅ አድርጋ ስትጠርግ ጋሼ ተካልኝ ጥርሳቸውን ነከሱ። እጇን አነሳች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች። ስትጨርስም ሾርባውን አሙቃ አመጣችና እስኪጨርሱት አጠገባቸው ቆመች።

አባቴ ከጎረቤት ተመልሶ ገና ግቢው ውስጥ ሳለ ነገረችው። ተያይዘው ገብተው መታጠቢያ ቤት ተዘጉና ቧንቧውን ከፈቱት፤ እንዳይሰማ መሆኑ ነው፤ ግን የአባቴ ድምፅ ከቧንቧው በላይ ነበር።

«አሁኑኑ አውጥቼ መንገድ ላይ ነው የምጥለው!»

«አትጥለውም።»

«ዘነበች፣ ይሄንን እግዚአብሔርም አልጠየቀሽም!»

«ታዲያ ማንን ነው የጠየቀው? ሥጋና ወተት ትቼ፣ ቁስለኛ አውጥቼ ብጥል ምኑን ጾምኩት ኃይሉ? ንገረኝ። እኔ እኮ ወድጄው አይደለም። ሳጥበው የሚታየኝ የዳንኤል ባዶ እግር ነው። ግን ቤቴ ያመጣው እግዚአብሔር ነው፣ ምን ላድርግ?»

አባቴ ያን ቀን ወደ ሥራ ሲወጣ በሩን ሳህኖቹ እስኪንጫጩ ድረስ በኃይል ዘጋው። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሌላም ነገር ለምኗት ነበር፦ ወንድምሽ ሞቷል፣ ሰው እንጥራና እናልቅስ ብሎ። እናቴ እምቢ አለች። ለቅሶ የሚመጣ ሰው ሶፋው ላይ የተኛው ማን እንደሆነ ካወቀ ምን እንደሚያደርገው አይታወቅም፤ ከሚመጡትም ግማሾቹ ወንድም ወይ ልጅ የተገደለባቸው ናቸው። «ይቆይልኝ፤» አለችው። «ማልቀሱ የትም አይሄድብኝ።»

ሐሙስ ጠዋት እትዬ አስካለ እያለከለኩ መጡ። አባቴ ደውሎላቸው ነው። በሩ ላይ የእናቴን ሁለት እጅ ያዙ።

«አላወቅኩም ልጄ። እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ አላወቅኩም። ኖርዝ ሆሊውድ አንድ ልጅ ቦታ አለኝ ብሏል፤ ደረጃ ቢኖረውም ተሸክመን እናወጣዋለን። ዛሬውኑ ልውሰድልሽ።»

«እዚያ ቁስሉን ማን ያጥብለታል?»

«ልጁ ቀን ሥራ ነው፣ ማታ ትምህርት፤» አሉ እትዬ አስካለ።

«ይኸው፤» አለች እናቴ። «ይበላሽና እግሩን ይቆርጡታል። እግሩ እስኪድን እዚህ ነው። ለማንም እንዳይነግሩብኝ ብቻ።»

እትዬ አስካለ ሶፋው ጋ ተቀምጠው አንገታቸውን የደፉትን ጋሼ ተካልኝን አዩ፤ እናቴን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው፣ «በይ አንቺ ተኚ፤ ሾርባውን እኔ እሠራለሁ፤» አሏት።

ያን ዕለት ከሰዓት አዳራሽ ሄድን። ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ቄሱ ሳፋ ይዘው በመደዳው እየዞሩ የሰውን እግር ያጥባሉ፣ በወይን ቅጠል ያብሳሉ። እናቴ ስቶኪንጓን አውልቃ ወረፋዋን ስትጠብቅ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ቄሱ አጠገቧ ሲደርሱ ጭንቅላቷ በትከሻዋ ወድቋል። ልቀሰቅሳት ስል በጣታቸው ዝም በይ አሉኝ። ተንበርክከው እግሯን ቀስ ብለው አነሱ፤ ተረከዟ ከመቆም ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር። ከሌላው ሰው አስበልጠው ቆይተው አጠቡት፤ አበሱትና ጫማዋ ላይ መልሰው አስቀመጡት። እሷ አልነቃችም።

በማግሥቱ ስቅለት ስትሰግድ ውላ ገባች። ውኃውን አሞቀች፣ ፋሻውን አነሳች፤ ሳፋው እስኪመጣላት ወጥ ቤት ወንበር ላይ ዐረፍ አለች፤ እንደዚያው እንቅልፍ ወሰዳት፣ ፋሻው በእጇ ነው። አባቴ ታክሲውን አቁሞ ሲገባ እንደዚያ ሆና አገኛት። ብዙ አያት። ከዚያ ፋሻውን ከእጇ ቀስ ብሎ አወጣና ሳፋውን ከኔ ተቀበለ። ጋሼ ተካልኝ ሲያዩት ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። አባቴ ተንበርክኮ አጠባቸው። ፋሻውን አዙሮ አዙሮ አሰረውና በጥርሱ ቆረጠው። አሠራሩ ከእናቴ የባሰ ነበር፤ ግን አጥብቆ አሰረው። ሲነሳ ጉንጩ ርሷል። ላብ መሰለኝ።

ፋሲካ ሆነ። እትዬ አስካለ ዶሮ ወጥ ሠርተው አመጡ፤ እናቴ የጋሼ ተካልኝን በሳህን አድርጋ ሶፋው ድረስ ወሰደችላቸው። ጠረጴዛው ላይ ግን አልጠራቻቸውም። ያን ማድረግ አልቻለችም፤ የምትችልም መስላ ለመታየት አልሞከረችም። እኔ በሩን በሩን ሳይ ቆየሁና፣ «እማዬ፣ አንክል ዳኒ ለፋሲካ አይደርስም እንዴ?» አልኩ።

የእትዬ አስካለ እጅ እንጀራው ላይ ቀረ። ሶፋው ላይ ጋሼ ተካልኝ ሳህናቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«ትንሽ ቆዪኝ ኤልሳዬ፤» አለች እናቴ። «እነግርሻለሁ። ትንሽ ቆዪኝ።»

ትንሽ የተባለው ግን ቆየ። ዝናቡ አቆመ፣ ሙቀቱ መጣ፣ በመንገዳችን ያሉት የጃካራንዳ ዛፎች ሐምራዊ አበባቸውን መኪናው ላይ ሁሉ አራገፉት። እናቴ በየቀኑ ከሥራ ትመጣለች፣ ውኃ ታሞቃለች፣ ትንበረከካለች። አንዳንድ ቀን አባቴ ይተካታል፣ አንዳንድ ቀን እትዬ አስካለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ክሊኒኩ ቁስሉ ገጥሟል አለ። ጋሼ ተካልኝ ቫን ናይስ ደረጃ የሌለው ክፍል ተገኝቶላቸው ነበር።

ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሙ፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ትንሽ ሻንጣ። ወደ እናቴ እግር ዝቅ ሊሉ ሲሞክሩ ክንዳቸውን ይዛ አስቆመቻቸው።

«ይወድቃሉ። አዲስ ቆዳ ነው፣ ይቀደዳል።»

«ይቅር ብለሽኛል?» አሏት።

እናቴ ከዚያ የዝናብ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ቀና ብላ አየች።

«አላውቅም፤» አለች። «በየቀኑ እግዚአብሔርን እለምነዋለሁ። ገና አልሰጠኝም። ሲሰጠኝ እልክልዎታለሁ።»

በላስቲክ የቋጠረችውን ፋሻና የቤታዲን ጠርሙስ ሰጠቻቸው። ጫማ ሳያደርጉ እንዳይራመዱ፣ ማታ ማታ እግራቸውን በመስታወት እንዲያዩት ነገረቻቸው። እትዬ አስካለ በጎረቤት መኪና ይዘዋቸው ሄዱ። ጋሼ ተካልኝ በኋላ መስኮት እጃቸውን ሊያነሱልኝ ጀመሩና ተዉት። እኔ ግን አውለበለብኩላቸው።

እናቴ ወደ ውስጥ ገባች። የሶፋውን አንሶላ ገፈፈች፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች። ምንጣፉን ጠረገች። ከዚያ ሶፋውን በአንድ በኩል ይዛ አባቴን ጠራችው፤ ወደ ጥጉ ገፉት፣ ሳሎኑ ሰው ለማስቀመጥ ሰፋ። ፍራሹን ከመኝታ ቤት አምጥታ መሬት ላይ ዘረጋች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«አሁን ሰው ጥራልኝ፤» አለችው አባቴን። «ወንድሜ ሞቷል።»

አባቴ ወደ ስልኩ ሄደ። እናቴ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ በቀን ብርሃን፣ ጫማዋን አውልቃ። «ነይ ኤልሳዬ፤» አለችኝ። ጭኗ ላይ አስተኛችኝ። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ጎረቤቶቻችን በየመስኮታቸው ብቅ እስኪሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የወንድሟን ስም መጥራት ጀመረች።